«ማስታገሻ» ያድናል ያላችሁ ማነው?

«ያቺ ማስታገሻ አድናኝ ነበር፤ ድገሚልኝ።» ፋርማሲ ውስጥ ስውል ይህን የማልሰማበት ቀን የለም። አላዳነችህም ወንድሜ።

እስቲ ቃሉን ራሱን ስሙት። ማስታገሻ «ታገሠ» ከሚለው የወጣ ነው፤ የትዕግሥት ዘመድ። አበዳሪያችሁን «ትንሽ ታገሰኝ» ስትሉት ዕዳው ተከፈለ ማለት ነው? ቀኑ ተገፋ እንጂ! ሕመሙም እንደዚያው ነው። ሰውነት ሲጎዳ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ነገር ያመነጫል፤ ሕመሙን የሚያባብሰው እሱ ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉት ማስታገሻዎች እሱ እንዳይመረት ያግዳሉ። ጀርም ግን አይገድሉም። ክኒኑ ሲያልቅበት ዕዳው ይመጣል፣ አንዳንዴም ከነወለዱ።

አንድ ደንበኛዬ ጥርሱን ባመመው ቁጥር ዳይክሎፌናክ ይገዛ ነበር። «ጥርስ ሐኪም ጋ ሂድ» እለዋለሁ። «ተሽሎኛል እኮ!» ይለኛል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ተባባልን። በመጨረሻ ጉንጩ እንደ ዳቦ አብጦ፣ አፉን መክፈት አቅቶት መጣ። መግል ይዟል። ያን ቀንም የጠየቀኝ ምን መሰላችሁ? ጠንከር ያለ ማስታገሻ።

«ፍርሃት ፍርሃት ይለኛል፣ ማስታገሻ ስጪኝ» የሚሉም አሉ። የምትፈልጉት ማረጋጊያ ነው፤ እንደ ዳያዜፓም ያለው። ሱስ ስለሚያስይዝ ያለ ሐኪም ማዘዣ አልሰጥም፤ ብትቆጡም አልሰጥም። ማደንዘዣ ደግሞ ሌላ ነው፤ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት የምትወጉት።

«ጨጓራ ስላለብኝ በመርፌ ይሁንልኝ።» ዳይክሎፌናክ በመርፌም ቢገባ በደም ዞሮ ጨጓራን ይነካል።

ፓናዶልና ፓራሲታሞልም አንድ ናቸው። ሁለቱን ደርቦ መዋጥ መጠኑን ማብዛት ነው። ብዙ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም አለ። ጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ባለ 500 ሚሊግራሙን ከ8 ፍሬ በላይ መውሰድ የለበትም። ሲበዛ ጉበት ይጎዳል።

ስለዚህ ስትመጡ ሕመሙ ከጀመራችሁ ስንት ቀን እንደሆነ ንገሩኝ። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ካለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁም አትደብቁኝ። «ለጎረቤቴ ነው» የምትሉም፣ ጎረቤታችሁን ጠይቃችሁ ኑ።