«ቀማመስኩ እንጂ አልበላሁም»፦ ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለ ማታ አምሮት የሚባለውና እውነታው

ክብደት ለመቀነስ ጨጓራቸውን ተቆርጠው ወደ ጎንደር የሚመለሱ ሰዎች፣ ገሚሶቹ አዲስ አበባ፣ ገሚሶቹ ዘመድ ባለበት ውጭ አገር የተሠሩ ናቸው። የመጀመሪያውን ዓመት ልብሳቸውን እያጠበቡ በደስታ ያሳልፉትና በሁለተኛው ዓመት ግድም ሚዛኑ ወደ ላይ ማለት ሲጀምር ወደ እኔ ወደ ሥነ ምግብ ባለሙያዋ ይመጣሉ። ምን እንደሚበሉ ስጠይቃቸው ቁርሱን፣ ምሳውንና እራቱን አንድ በአንድ ይቆጥሩልኛል፤ በእርግጥም ትንሽ ነው። «ከእራት በኋላስ?» ስላቸው ግን መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እሱማ ቀማመስኩ እንጂ አልበላሁም።»

ይህን ዐረፍተ ነገር መስማት ሰልችቶኛል፤ ስለዚህም ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ በእሱ ላይ እቆያለሁ። ስሊቭ በሚባለው ቀዶ ሕክምና ከጨጓራው 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል፤ ባይፓስ በሚባለው ደግሞ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ ከረጢት ብቻ ተትቶ ከትንሹ አንጀት ጋር ይገጠማል። ሁለቱም የሚያጠግቡት ምግቡ በአንድ መቀመጫ ገብቶ ያቺን ትንሽ ቦታ ሲሞላት ነው። በሳህን የቀረበ ሽሮ በእንጀራ ከሆነ አምስት ስድስት ጉርሻ ላይ «በቃ» ትላለች። ቆሎ ግን ከአቦል እስከ በረካ ባለው ሁለት ሰዓት ውስጥ ቆንጠር ቆንጠር እየተደረገ ሲገባ፣ የቀደመው ወደ አንጀት ወርዶ ለቀጣዩ ቦታ ስለሚለቅ፣ ጨጓራው ሞልቶ «በቃ» የሚልበት ጊዜ አይመጣም። ሻይ ውስጥ የተነከረ ብስኩትማ ከዚህም ይብሳል፤ እንደ ፈሳሽ ሾልኮ ነው የሚያልፈው። ቀዶ ሐኪሙ ያጠበበው የጨጓራውን ስፋት እንጂ የምሽቱን ርዝመት አይደለም።

ማራኪ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት መምህርት ይህን ስነግራቸው እንደ ስድብ ቆጠሩብኝ። «ቆሎ እኮ ነው! ቆሎ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ምግብ የሆነው?» አሉኝ። አልተከራከርኳቸውም፤ ማታ ቡናው ሲፈላ አጠገባቸው ባዶ ጎድጓዳ ሳህን እንዲያስቀምጡና ከቆሎው በቆነጠሩ ቁጥር ያንኑ ያህል በሌላው እጃቸው ወደ ሳህኑ እንዲጨምሩ ብቻ ጠየቅኋቸው። በማግሥቱ የተጠራቀመውን በፌስታል ቋጥረው አመጡልኝ፤ የገብስ ቆሎ ሱፍና ለውዝ የተደባለቀበት ነበር። ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 110 ግራም ሆነ። የተቆላ ገብስ በ100 ግራም ከ350 የማያንስ፣ ለውዝ ደግሞ ከ550 የሚበልጥ ካሎሪ እንዳለው ለሚያውቅ ሰው፣ ያ ፌስታል ከመምህርቷ ምሳ የሚበልጥ ምግብ ነበር። ፌስታሉን አንሥተው በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉትና «ይህን ሁሉ በአንድ ማታ?» ብለው ዝም አሉ።

ቆሎ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ከብስኩት በእጅጉ ይሻላል። ነገር ግን በትሪ መሐል ላይ አይቀመጥ። በአንድ የቡና ሲኒ ተለክቶ ለታካሚው ይሰጥ፣ የቀረው ወደ ጓዳ ይመለስ፣ ሲኒው ባዶ ሲሆን ነገሩ ያብቃ። ቡናው ያለ ስኳር ቢሆን እመርጣለሁ። ቡና የብረት ማዕድንን ወደ ደም መግባት ስለሚቀንስ ደግሞ የብረት ክኒን ከቡናው ጋር አይዋጥ።

«ማታ ማታ የሚያምረው ሆዳም ስለሆነ ነው» የሚለው አባባል ከታካሚው ይልቅ ከቤተሰቡ አፍ ይሰማል፤ ታካሚውን አሳፍሮ ተደብቆ እንዲበላ ከማድረግ በቀር የፈየደው ነገር አላየሁም። ግሬሊን የተባለው ረሃብ ቀስቃሽ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከጨጓራው የላይኛው ክፍል ሲሆን፣ በስሊቭ ተቆርጦ የሚወጣውም በአብዛኛው ይኸው ክፍል ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ወራት ያለ ረሃብ ያልፋሉ። በሁለተኛው ዓመት ረሃቡ በከፊል መመለሱ የሚጠበቅ ነገር ነው። የሰው ገላ ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው፤ የምግብ ፍላጎት ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ዝቅ ብሎ ምሽት 2 ሰዓት አካባቢ ከፍ እንደሚል፣ ሰዎችን የቀን ብርሃንም ሆነ ሰዓት በማያዩበት ክፍል አስቀምጠው የመረመሩ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ስለዚህ አምሮቱ መምጣቱ የማንም ጥፋት አይደለም።

የሰው ድርሻ የሚጀምረው ከዚያ አስቀድሞ፣ ቀን ላይ ነው። «ቀን ካልበላሁ ማታ ብቀማምስ ይካካሳል» የሚሉ አሉ፤ አይካካስም። ጠዋት የምግብ ፍላጎት ዝቅ ስለሚል ቁርስ መዝለል ቀላል ነው፤ ምሳም በሥራ ተሳብቦ ይታለፋል፤ ማታ ግን ዕዳው ከነወለዱ ይመጣል። ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቢያንስ ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን በየቀኑ ያስፈልጋል። አንድ እንቁላል የሚሰጠው 6 ግራም ገደማ ነውና ይህን ሁሉ እራት ላይ ብቻ ለማግኘት የሚሞክር ሰው ሂሳቡ አይገጥምለትም። ጠዋት ባይርብም እንቁላል፣ ምሳ ላይ ከእንጀራው አስቀድሞ ምስሩን ወይም የጣናውን ዓሣ፣ 10 ሰዓት ላይ አይብ ወይም እርጎ የበላ ሰው ማታ ቆሎ ፊት ሲቀመጥ ያው ያምረዋል፤ ግን አይንሰፈሰፍም። አምሮትን ከረሃብ መለየት ላቃተው ደግሞ አንድ ጥያቄ እሰጠዋለሁ፦ አሁን የተቀቀለ እንቁላል ቢቀርብልህ ትበላለህ? አዎ ካለ ርቦታልና ተቀምጦ በሳህን ይብላ። እንቁላሉን ትቶ ብስኩቱን ብቻ ካለ አልራበውም።

እዚህ ላይ የጾም ነገር ይነሣል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን እስከ 9 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ፣ በረመዳን ደግሞ ፀሐይ እስክትጠልቅ የሚቆይ ሰው የቀኑን ምግብና ውኃ በሙሉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማስገባት አለበት፤ የጠበበ ጨጓራ ግን ይህን አይችልም፤ ምሽቱ በሙሉ ወደ መቀማመስ ይለወጣል። «ጾሙ ራሱ ያከሳኛል» ብለው ጀምረው ከፋሲካ በኋላ ሁለት ሦስት ኪሎ ጨምረው የመጡ አይቻለሁ። ቤተ ክርስቲያንም ሆነች እስልምና ለታመመ ሰው ያቀልላሉና ከሐኪምም ከንስሐ አባትም ወይም ከኢማምም ጋር ጾሙ ከመግባቱ በፊት መነጋገር ይገባል።

«እጄ ተንቀጠቀጠ፣ አላበኝ፣ ስለዚህ ስኳር አነሰኝ፤ ጣፋጭ ልብላ» የሚለው ግማሹ እውነት ስለሆነ አደገኛ ነው። በተለይ ባይፓስ የተሠራ ሰው ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ኬክ ከወሰደ በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሰውነቱ ኢንሱሊን አብዝቶ በማመንጨቱ፣ የደም ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። 1 ሰዓት ላይ የተጠጣው ሻይ 3 ሰዓት ላይ ያንቀጠቅጠዋል ማለት ነው፤ እሱም እንደገና ስኳር ይደግምበትና ዑደቱ ይቀጥላል። በዚያ ሰዓት የደም ስኳሩ ይለካ፤ በእርግጥ ከወረደ ጥቂት ስኳር ወስዶ ወዲያው አይብ ወይም እንቁላል ያስከትልበት፤ ከተደጋገመም ለሐኪም ይንገር።

የቀሩትን አባባሎች ባጭሩ ልመልስ። ቫይታሚን አያወፍርም፤ ክኒኑን ያቆመ ሰው የሚያተርፈው የደም ማነስና የነርቭ ጉዳት ነው። ውኃ ከምግብ ጋር ሳይሆን ከምግቡ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይጠጣል። ጨጓራ በአንድ ሠርግ ተለጥጦ አይበላሽም። «ጠላ ቀላል ነው» ለሚሉኝ፣ አልኮል ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቶሎ ወደ ደም ገብቶ ቶሎ ያሰክራል፤ ይሉኝታንም ስለሚያነሣ ከጠላው ቀጥሎ ትሪው ባዶ ይሆናል። ከእንቅልፉ እየነቃ ካልበላ መልሶ መተኛት የማይችል ሰው ግን ነገሩ ከቆሎ በላይ ነውና ሐኪም ይየው።

በመጨረሻ ጉርሻ አለ። «ጉርሻ እምቢ ማለት ነውር ነው» ይባላል። ነውር መሆኑን አልክድም፤ እኔም እዚሁ ነው ያደግሁት፤ ግን ነውሩ በሰዓት ለውጥ ይፈታል። አንዲት ወጣት ታካሚዬ እናቷ በየማታው ጨለማን ተገን አድርገው እንደሚያጎርሷት ነገረችኝና ምን ማለት እንዳለባት ተማከርን። ማታ እናቷ ጉርሻውን ጠቅልለው ሲዘረጉላት እጃቸውን ስማ «እማዬ፣ ይቺን ለነገ ቁርሴ አስቀምጪልኝ» አለቻቸው። እናትየው ተቀይመው ተኙ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ግን የተቀቀለ እንቁላል ልጠው፣ ሚጥሚጣ ነስንሰው አልጋዋ ድረስ መጡና «በይ አፍሽን ክፈቺ፤ ቀጠሮሽ ነው» አሏት።