ጥቁሩም አረንጓዴውም ከአንድ ዛፍ ነው፦ ስለ ሻይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰሞኑን ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ዓሣ በልተን ሻይ ስናዝ አንዱ ጓደኛችን «ለእኔ ግሪን ቲ፤ ጥቁሩ ቀለም ገብቶበት ነው የጠቆረው» አለ። ሻይ የሚያፈሉት እትዬ በራዱን ከከሰሉ ላይ እያነሱ «ምን ቀለም አለብኝ ልጄ? ቅጠልና ውሃ ነው» አሉት። ከዚያ ወዲያ ወሬው ሁሉ ሻይ ሆነ፤ ከወሬው ግማሹ ስህተት ነበር።

«አረንጓዴው ሌላ ዛፍ፣ ጥቁሩ ሌላ ዛፍ ነው»

ሁለቱም የሚቀጠፉት ካሜሊያ ሳይነንሲስ ከሚባለው አንድ ተክል ነው። የሚለያዩት ከተቀጠፉ በኋላ ነው። ድንች ልጣችሁ ውሃ ውስጥ ሳትነክሩ ብትተዉት ይጠቁር የለ? የሻይም ነገር ይኸው ነው፤ ቅጠሉ ሲቆስል በውስጡ ያለው ኢንዛይም ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይገናኝና ያጠቁረዋል። ለጥቁር ሻይ ቅጠሉ መጀመሪያ ተዘርግቶ ለሰዓታት ይጠወልጋል። ቀጥሎ በማሽን ይታሻል ወይም ይጨፈለቃል። ያኔ ጭማቂው ወጥቶ አየር ያገኛል፣ ቅጠሉ መዳብ ይመስላል፣ ሽታውም ከእርጥብ ሣርነት ወደ ፍራፍሬነት ይዞራል። የሚፈለገው ላይ ሲደርስ በሙቅ አየር ይደርቅና ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ከከፋው ውሽውሽና ከኢሉ አባ ቦሩ ጉማሮ የምናውቀው ሻይ ቅጠልም በዚሁ መንገድ ያለፈ ነው። ጥቁረቱ ከራሱ የወጣ ነው።

አረንጓዴው ግን ብዙም ሳይቆይ እሳት ያገኘዋል። ቻይናዎች በአብዛኛው በጋለ ብረት ድስት ያምሱታል፤ ጃፓኖች በእንፋሎት ያበስሉታል። ሙቀቱ ኢንዛይሙን ስለሚገድለው ቅጠሉ ልጥቁር ቢልም አይችልም። ኡሎንግ የሚባለው ሻይ በጥቁሩና በአረንጓዴው መሃል መንገድ ላይ የቆመ ነው። ነጭ ሻይ ደግሞ ጠውልጎ ከመድረቅ በቀር ብዙም ያልተነካ እንቡጥ ነው፤ ጣዕሙ ለስለስ ይላል፣ ለእኔ እንዲያውም ከልክ በላይ።

«ጥቁር ሻይ እንደ ጠላ ይብላላል»

ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ፌርመንቴሽን ስለሚሉት በተሳሳተው ሰው አልፈርድም። ግን እርሾም ጌሾም የለበትም፤ ሥራው ሁሉ የኢንዛይምና የአየር ነው። በእርግጥም ተህዋስያን የሚያብላሉት ሻይ ፑ ኤር የሚባለው የቻይናው የዩናን ግዛት ሻይ ነው፤ ሲጠጣ ዝናብ የነካው አፈር ያስታውሳል።

«በጠቆረ ቁጥር እንቅልፍ ይነሳል»

እንቅልፍ የሚነሳው ካፌን ቅጠሉ ገና ዛፉ ላይ ሳለ ያለ ነገር ነው፤ መጥቆሩ አይፈጥረውም። ለጋው እንቡጥ ከጎልማሳው ቅጠል የበለጠ ካፌን ስላለው፣ ያ ለስላሳ የተባለው ነጭ ሻይ ሰውን እንቅልፍ ነስቶ ቢያድር አይገርምም። ብርጭቋችሁ ውስጥ የሚገባውን መጠን የሚወስኑት የቅጠሉ ብዛትና ውሃ ውስጥ የቆየበት ደቂቃ ናቸው። ማስረጃ የሚፈልግ ሻዩ ላይ ሎሚ ይጭመቅበት። ጥቁር ቀይ የነበረው ወዲያው ወደ ወርቅማ ይገረጣል፤ አሲዱ ቀለሙን ለወጠው እንጂ ካፌኑ የትም አልሄደም።

«የከረጢት ሻይ ከወለል የተጠረገ ነው»

በወንፊት ሲለይ ከታች የሚወርደው ደቃቁ ነው እንጂ ጥራጊ አይደለም። ደቃቅ በመሆኑ ቶሎ ይወጣል፣ ቶሎም ይመርራል። መዓዛ የሚፈልግ ሙሉውን ቅጠል ይግዛ።

«ጦስኝም ከርከዴም ሻይ ነው»

በልማድ እንጂ በዘር አይደለም። ካፌንም የለባቸውም። በነገራችን ላይ «ዘጌ ቡናው እንዲህ ከሆነለት ሻይስ ለምን አይተክልም?» ያለም ነበር። ሻይ ኮምጣጣ አፈርና ዓመቱን የሚዳረስ ዝናብ ይወዳል፤ የእኛ ዝናብ ደግሞ አብዛኛው ክረምት ላይ ወርዶ ያልቃል።

«ግሪን ቲ ሲፈጥረው መራራ ነው»

የሚያመርረው ውሃው ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ 100 አይደርስም። ለጥቁር ሻይ ይህ ትንሽ ስለሚያንስ እትዬ በራዱን ከሰሉ ላይ ጥቂት ማቆየታቸው ትክክል ነው። ለአረንጓዴው ግን 94ም ይበዛበታል፤ 80 አካባቢ ይበቃዋል። ከዚያ ሲያልፍ መራራውና አፍ የሚያደርቀው ነገር አንድ ላይ ይወጣል።

ጓደኛችን ያዘዘው ሲመጣ እትዬን ለመንናቸውና ውሃውን ከከሰሉ አውርደው አምስት ደቂቃ ያህል ክዳኑን ከፍተው አስቀመጡት። ከዚያ ቅጠሉ ላይ አፈሰሱና ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ አጠለሉት። ጓደኛችን ስኳር ሳይጨምር ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ።

«አይመርም፤ ግን ጎመን ጎመን ይላል» አለ።

ይላል እንጂ! እሳት የቀደመው ቅጠል አይደል?