ስኖው ምንድን ነው? የደሴ በረዶስ?

ባለፈው ደሴ ላይ ከባድ በረዶ ጣለ። አስፋልቱ ነጣ፣ የቶሳ ተራራ ግርጌም ነጣ። በማግስቱ ፎቶው ያልገባበት ስልክ አልነበረም። «ደሴ ላይ ስኖው ወረደ» ይላል ከሥሩ። አንዱ ደግሞ ጨመረበት፦ «ሌሶቶ 3,000 ሜትር ላይ ስኪ ካላት ቶሳ ምን ያንሰዋል?» ስኪ ማለቱ በስኖው ላይ መንሸራተት ነው፤ ሌሶቶም በአፍሪካ ደቡብ ያለችው ተራራማ አገር ናት።

እኔ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ ሥራዬም የአየር ጠባይ ነው። ይህን ወሬ በየክረምቱ እሰማለሁ። ዘንድሮ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። የወንድሜ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ለገና ሌሶቶ ስኪ ሊሄድ ነበር። ትኬት ሳይቆርጥ ደረስኩበት። «ተራራው ረጅም ስለሆነ በረዶ አይጠፋም» አለኝ።

በከፊል ቋንቋችንም አሳስቶናል። ከደመና የሚወርደውን ጠጠር፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን፣ የፈረንጅ አገሩን፣ ሁሉንም «በረዶ» እንላለን። አመዳይ የሚል ጥሩ ቃል ነበረን። እሱንም ከውርጭ ጋር ቀላቀልነው።

ጥጥ ሲዳመጥ ያየ ሰው ልዩነቱ ቶሎ ይገባዋል። ፍሬው ለብቻ ይወጣል። የቀረው በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል። የደሴ በረዶ ፍሬው ነው። ስኖው ደግሞ ባዘቶው ነው።

ፍሬው የሚሠራው በነጎድጓድ ደመና ውስጥ ነው። ከዜሮ በታች ቀዝቅዞም ገና ያልረጋ ውሃ አለ። ወደ ላይ የሚወረወረው ነፋስ ጠጠሯን እያንሳፈፈ ያቆያታል፤ ውሃው በላይዋ ላይ ይረጋል፣ ሽፋን በሽፋን ትወፍራለች። ነፋሱ መሸከም ሲያቅተው ትወድቃለች። ያን ነፋስ የሚያስነሳው የመሬቱ መሞቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ የሚጥለውም ለዚህ ነው። በረዷችን የሙቀት ልጅ ነው ብል አላጋነንኩም።

ስኖው ግን በዋናነት የሚያድገው ከጠብታ አይደለም። እንፋሎቱ በቀጥታ ወደ ባለ ስድስት ጎን የበረዶ ቅንጣት ይለወጣል። ቅንጣቶቹ ተያይዘው አየር ያቅፋሉ። አዲስ የወረደ ስኖው ከአሥር እጅ ዘጠኙ አየር ነው። ባዘቶ ሲጫኑት ፍራሽ ይሆናል አይደል? የስኪ ቦታዎችም ሌሊት ሌሊት በትልልቅ ማሽን ይጠቀጥቁታል፣ ጠዋት ሰው ይሸከማል። ፍሬ ላይ ብትቆም ግን ከእግርህ ሥር ይንከባለላል። ባዘቶ ከረጠበ ደግሞ ይቋጠራል። ስኖውም ቀን ቀልጦ ሌሊት ሲረጋ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ስንት ሴንቲሜትር እንደወረደ ብቻ አትጠይቅ። ከወረደ ወዲህ ስንት ዲግሪ እንደነበርም ጠይቅ።

ወደ ቶሳው ጠያቂ ልመለስ። ከኮምቦልቻ ደሴ ስንወጣ 650 ሜትር ገደማ ከፍ እንላለን። በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ ጃኬት የሚያስለብሰን 4 ዲግሪ ነው። (አማካይ ነው። በጠራ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ወርዶ ሜዳ ላይ ስለሚተኛ ነገሩ ይገለበጣል።) በእኛ ሰማይ ዜሮ ዲግሪ የሚገኘው ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ገደማ ነው። ደሴ 2,500 ላይ ናት። 4,550 ሜትር የሚደርሰው ራስ ዳሽን እንኳ ስኖው ቢወርድበትም አይቆይለትም። እኛ ከምድር ወገብ በ11 ዲግሪ ሰሜን ነን። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ አትርቀንም። ሌሶቶ ግን 29 ዲግሪ ደቡብ ላይ ናት። የእኛ ብርድ የሌሊት ነው፣ የእነሱ የወራት ነው። ስኪ የሚፈልገው ይህን የሚቆይ ብርድ ነው። ከፍታ ብቻውን አይሰጠውም።

የሌሶቶው የስኪ ቦታ አፍሪስኪም የሚሠራው በእነሱ ክረምት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። ያኔም በማሽን ስኖው ያግዙታል። ማሽኑም ብርድ ይፈልጋል፤ አየሩ ደረቅ ሲሆን ይቀለዋል። በገና ሰሞን ሌሶቶ ሞቃት በጋ ነው፤ ልጁን የሚጠብቀው ሣር ነበር።

«ዱባይስ በረሃ ላይ ስኪ ሠርታ የለ?» ይሉኛል። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ተከፍቷል። እሱ ግን የገበያ ማዕከል ውስጥ ያለ ትልቅ ፍሪጅ ነው፤ ስለ ተራራ የሚነግረን ነገር የለም።

ስኪ የእኛ አይደለም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ኦሊምፒክ ላይ በስኪ ባንዲራችንን ሲወክል የተሰማኝ ኩራት ዛሬም አለ። የወንድሜ ልጅም እንዲሄድ እፈልጋለሁ። ማራካሽ አጠገብ ያለውን የሞሮኮውን ኡካይመደን ነገርኩት፣ በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት። አንድ ነገር ብቻ አደራ አልኩት፦ የማራካሽን ትንበያ አይተህ አትወስን። ከተማው 460 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ የስኪው ጫፍ 3,200 ገደማ። ከተማው 20 ዲግሪ ሲል ጫፉ 2 ወይም 3 ሊሆን ይችላል። ያ ደግሞ ባዘቶውን ያረጥባል። ጫፉ ከዜሮ በታች የሚሰነብትበትን ሳምንት ፈልግ።