መካከለኛዋ የአሜሪካ መኪና በ1960ዎቹ

የ1955ቷ ሸቭሮሌት 5 ሜትር እንኳ አትሞላም ነበር። የ1964ቷ ሸቭሮሌት ኢምፓላ ግን 5.33 ሜትር ደርሳለች። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) መኪናው በየዓመቱ ሲረዝምና ሲሰፋ፣ ከታች ደግሞ በ1960 እንደ ፎርድ ፋልከን ያሉ ትንንሾች መጡ። ፋልከን 4.6 ሜትር ገደማ ናት። ልጅ ለበዛበት ቤት ትጠባለች። ትልቋ ደግሞ ነዳጅ ትጠጣለች፣ ለማቆምም ታስቸግራለች። መካከለኛዋ መኪና የገባችው እዚህ መሃል ነው። እንደኔ ግን አዲስ ግኝት አልነበረችም፤ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው የተዉትን የድሮ ልክ ነው መልሰው የሸጡት።

ክፍተቱን ቀድሞ ያየው ከትልልቆቹ አንዱ አይደለም። የአሜሪካን ሞተርስ አለቃ ጆርጅ ሮምኒ ግዙፎቹን መኪኖች ዳይኖሰር እያለ ይሳለቅባቸው ነበር። የእሱ ራምብለር በ1961 ከሸቭሮሌትና ከፎርድ ቀጥላ በሽያጭ 3ኛ ወጣች። በ1962 ፎርድ ፌርሌንን በዚህ ልክ ሠራ። ቀላልና ትንሽ የሆነ አዲስ 3.6 ሊትር ቪ8 ሞተርም (ስምንት ሲሊንደሮቹ በቪ ቅርጽ የተደረደሩ) ገጠመላት። ያ ሞተር እያደገ ሄዶ በኋላ ማስታንግ ውስጥ ገብቷል።

ጄኔራል ሞተርስ በ1961 የሞከረው የበለጠ ደፋር ነበር። ከኩባንያው ብራንዶች አንዱ የሆነው የፖንቲያክ ቴምፔስት መደበኛ ሞተር የትልቁ ቪ8 ግማሽ ነው፤ አራት ሲሊንደሩን አስቀርተው አራቱን ተጠቀሙበት። ካምቢዮውን ከፊት አንስተው ከኋላ ዲፈረንሻሉ ጋር አገናኙት። ጉልበቱን ወደ ኋላ የሚወስደው ዘንግ ቀጭን ነው፤ መሃሉ ላይም ወደ ታች ጎበጥ ይላል። በዚህ የተነሳ ከፊት ወንበሩ ሥር ያለው ጉብታ በጣም ዝቅ አለ። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ግን በ1964 ተተወ።

ክራይስለርን ወሬ ጎዳው። ሸቭሮሌት ሊያንስ ነው ሲባል ሰምቶ የራሱን ብራንዶች፣ የ1962 ፕሊማውዝና ዶጁን አሳጠረ። ሸቭሮሌት ግን ትልቅ እንደሆነች ቀረች፤ የክራይስለር ገበያ ወደቀ። የሚያስቀው በ1965 ያንኑ መሠረት አዲስ ልብስ አልብሶ ቤልቬዴርና ኮሮኔት ብሎ በመካከለኛ ስም መሸጡ ነው። ያኔ ሰው ወደዳቸው።

ዋናው ዓመት 1964 ነው። ጄኔራል ሞተርስ ሸቭሮሌት ሸቬልን ይዞ መጣ። በፊትና በኋላ ጎማዎቿ መካከል ያለው ርቀት 2.92 ሜትር ነው፤ ልክ የ1955ቷን ሸቭሮሌት ያህል። እዚያው ዓመት ፖንቲያክ ውስጥ የዋና መሐንዲሱ የጆን ዴሎሪያን ሰዎች ቀዳዳ አገኙ። የኩባንያው ሕግ በዚህ መደብ ከ5.4 ሊትር በላይ ሞተር ይከለክላል። ሕጉ ግን የሚናገረው ስለ መደበኛ ሞዴል ነው፤ ገዢው ጨምሮ ስለሚያዘው ዕቃ አያነሳም። እነሱም 6.4 ሊትሩን ሞተር ጂቲኦ በሚል ጥቅል ለማንስ ለተባለችው የቴምፔስት ሞዴል አቀረቡት፤ ጭማሪው ከ300 ዶላር በታች ነው። የሽያጭ ክፍሉ 5,000 ከተሸጠ ይበቃናል ብሎ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 32,450 ተሸጠ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ተከተለ። ክራይስለር በ1966 ሄሚ የተባለ 7 ሊትር ሞተር ለመንገድ መኪና አቀረበ። በ1968 የወጣችው ፕሊማውዝ ሮድ ራነር ደግሞ ተቃራኒውን መንገድ ያዘች፦ ምንጣፏ ላስቲክ፣ ወንበሯ ተራ፣ ሞተሯ ግን 6.3 ሊትር፣ መነሻ ዋጋዋ ከ3,000 ዶላር በታች። ስሟ ለተወሰደበት ለካርቱኑ ወፍ ለሮድ ራነር ስምና ምስል 50,000 ዶላር ተከፍሏል፤ ጥሩምባዋም እንደ ወፏ «ቢፕ ቢፕ» ይላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከዘመኑ መኪኖች ብልጧ እሷ ናት።

እንዲህ ያሉት ስማቸው ይግነን እንጂ ብዙው ገዢ ባለ አራት በር የቤተሰብ መኪና ነበር የሚወስደው። እነዚያም እያደር አበጡ። በ1962 5 ሜትር ገደማ የነበረችው ፌርሌን ወደ ቶሪኖ ተለውጣ በ1970 5.2 ሜትር አለፈች። ጄኔራል ሞተርስም በዚያው ዓመት የሞተር ገደቡን አነሳ። ግን ለወጣት ነጂዎች የኢንሹራንስ ክፍያው ሰማይ ነካ፤ በ1971 ደግሞ ኩባንያው ሞተሮቹ እርሳስ በሌለው ቤንዚን እንዲሠሩ ጉልበታቸውን ቀነሰ። ፈጣኖቹ አንድ በአንድ ሲጠፉ መካከለኛው መደብ ግን ገበያውን አልለቀቀም። በ1976 አሜሪካ ውስጥ በብዛት የተሸጠችው መኪና ከዚሁ ቤተሰብ የወጣችው ኦልድስሞቢል ካትላስ ነበረች።