ጉጋ፦ ፈገግታው ያሳሳተን ቴኒሰኛ

ብራዚል ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን ኳስ ነው። ስለዚህ ከዚያ አገር ቴኒሰኛ ሲወጣ፣ ሰው የሚያስታውሰው አንድ ምስል ብቻ ይሆናል፦ ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ ቀጭን ረጅም ልጅ፣ ሰማያዊና ቢጫ ለብሶ ቀይ አፈር የተነጠፈበት የቴኒስ ሜዳ ላይ ሲስቅ። ጉስታቮ ኩርተን ይባላል። የአገሩ ሰው «ጉጋ» ይለዋል። ራኬቱን የሰቀለው በ2008 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ስለ እሱ ወሬ ሲነሳ የሚደጋገሙ ነገሮች አሉ። ግማሾቹ ስህተት ናቸው። ግማሾቹ ደግሞ ትንሽ እውነት ይዘው ቀሪውን ያበላሹታል። አንዳንዶቹን እኔም ለዓመታት አምኜ ኖሬያለሁ።

«በ1997 ፓሪስ ላይ ያሸነፈው በእድል ነው»

ይሄ ወሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ልጁ 20 ዓመቱ ነው። የዓለም ደረጃው 66ኛ ነው። በዋናው የፕሮፌሽናል ውድድር አንድም የነጠላ ዋንጫ የለውም። ዋንጫው ይቅር፣ ፍጻሜ እንኳን ደርሶ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ድንገት መጥቶ ሮላን ጋሮስን (ፓሪስ ላይ በቀይ አፈር የሚካሄደውን ትልቁን የፈረንሳይ ውድድር) ይዞ ሲሄድ «እድለኛ» ማለት ይቀላል።

ግን እስቲ ማንን ማንን እንዳሸነፈ እንይ። በሦስተኛው ዙር ቶማስ ሙስተርን፣ የ1995ቱን ሻምፒዮን። በሩብ ፍጻሜ ዬቭጌኒ ካፌልኒኮቭን፣ የ1996ቱን ሻምፒዮን። በፍጻሜው ሰርጊ ብሩጌራን፣ የ1993 እና የ1994 ሻምፒዮኑን። ያለፉት አራት ዓመታት ዋንጫዎች የነበሩት በእነዚህ ሦስት ሰዎች እጅ ነው። ጉጋ ሦስቱንም በአንድ ውድድር ጠራረጋቸው።

ሙስተርን ያሸነፈው በአምስት ሴት ነው። (ጨዋታው የሚቆጠርበትን ሴት ነው የምለው፤ ሌላ እንዳይመስላችሁ። እዚህ ውድድር ላይ ቀድሞ ሦስት ሴት የወሰደ ያሸንፋል።) በሚቀጥለው ዙር አንድሬ ሜድቬዴቭንም በአምስት ሴት። ካፌልኒኮቭንም በአምስት ሴት፣ ያውም 2 ለ 1 ተመርቶ ተነስቶ። ሦስት ጨዋታ በተከታታይ እስከ መጨረሻው ሴት ሄዶ ሦስቱንም ማሸነፍ እድል ከተባለ፣ እድል የሚለው ቃል ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። ፍጻሜው እንዲያውም ቀለል ያለው ነበር፦ 6-3፣ 6-4፣ 6-2።

እውነቱን ለመናገር አንድ ቦታ ላይ እድል አግዞታል። በግማሽ ፍጻሜው የገጠመው ፊሊፕ ዴውልፍን ነው፣ በማጣሪያ ያለፈ ቤልጂየማዊ። እሺ፣ እሷን እንስጣቸው።

በሚቀጥለው ዓመት ፓሪስ ላይ ገና በሁለተኛው ዙር ሲወጣ «አላልናችሁም?» ያሉ ነበሩ። ጉጋን ያሸነፈው ግን ማራት ሳፊን የሚባል የ18 ዓመት ልጅ ነው። ያ ልጅ በኋላ ራሱ የዓለም ቁጥር አንድ ሆነ። ጉጋም በ1999 የሞንቴ ካርሎንና የሮምን ውድድሮች አሸነፈ። ከዚያ በ2000 እና በ2001 ሮላን ጋሮስን ደገመው፣ ሰለሰው። የሚገርመው፣ ዋንጫ ባነሳባቸው ሦስቱም ዓመታት ሩብ ፍጻሜ ላይ የተገኘው ያው ካፌልኒኮቭ ነው። ምስኪን።

«ያንን የልብ ሥዕል አፈሩ ላይ የሳለው ዋንጫውን ሲያነሳ ነው»

ከፊሉ እውነት ነው። ሥዕሉ ግን የተወለደው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ሊወድቅ አፋፍ ላይ በደረሰበት ቀን ነው።

2001 ነው። ጉጋ የዓለም ቁጥር አንድ ሆኖ መጥቷል። በአራተኛው ዙር የደረሰው ማይክል ራስል ነው፣ በማጣሪያ የገባ አሜሪካዊ። ብዙ ሰው ስሙን እንኳን ሰምቶት አያውቅም። ራስል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሴቶች ወሰደ። በሦስተኛውም መርቶ ማች ፖይንት ላይ ደረሰ። አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቶታል። ኳሷ ሄደች፣ መጣች፣ ሄደች፣ መጣች። በመጨረሻ ነጥቡን ጉጋ ወሰደው። ከዚያ ሴቱን፣ ከዚያ ጨዋታውን።

ሲያበቃ በራኬቱ ጫፍ አፈሩ ላይ ትልቅ ልብ ሳለና መሃሉ ላይ ተንበረከከ። ተመልካቹ አበደ። በፍጻሜው አሌክስ ኮሬቻን ሲያሸንፍ ደግሞ ደገመው፤ ያኔ ልቡ ውስጥ ጋደም አለ። ፎቶው የተሰራጨው ይሄኛው ስለሆነ የመጀመሪያው ተረሳ። ለእኔ ግን ትልቁ የመጀመሪያው ነው። ያኔ በእጁ ምንም ዋንጫ አልነበረም። መትረፉ ብቻ ነው ያስደሰተው።

«ከቀይ አፈር ውጪ አይችልም ነበር»

ይሄኛውን ስሰማ ትንሽ እበሳጫለሁ።

አዎ፣ ሦስቱም የግራንድ ስላም (የቴኒስ አራቱ ትልልቅ ውድድሮች) ዋንጫዎቹ የፓሪስ ናቸው። አዎ፣ አውስትራሊያ ላይ ከሦስተኛው ዙር አልፎ አያውቅም። ግን ዊምብልደን ሣር ላይ በ1999 ሩብ ፍጻሜ ደርሷል። ዩኤስ ኦፕን ላይም በ1999 እና በ2001 እንደዚሁ። በ2000 የኢንዲያናፖሊስን፣ በ2001 የሲንሲናቲን ውድድር ያሸነፈው በሃርድ ኮርት፣ ማለትም በጠንካራ ሜዳ ላይ ነው። ሲንሲናቲ ላይ በፍጻሜው ፓትሪክ ራፍተርን 6-1፣ 6-3 ነው የሸኘው። ራፍተር ደግሞ በዚያ ሜዳ ቀላል ሰው አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ዩኤስ ኦፕንን ያሸነፈ ነው።

ትልቁ ማስረጃ ግን ሊዝበን ነው። በ2000 መጨረሻ፣ የዓመቱ ምርጥ ስምንት ተጫዋቾች የሚገናኙበት የማስተርስ ካፕ። ሜዳው ቤት ውስጥ የተነጠፈ ሃርድ ኮርት ነው፣ የቀይ አፈር ልጅ ይፈራዋል የሚባለው ዓይነት። ዓመቱን በአንደኝነት ለመጨረስ እየመራ የነበረው ሳፊን ነው። ጉጋ ሊደርስበት የሚችለው ዋንጫውን ካነሳ ብቻ ነበር። የመጀመሪያ ጨዋታውንም በአሜሪካዊው አንድሬ አጋሲ ተሸነፈ። አበቃለት ተባለ።

አላበቃለትም። ማግነስ ኖርማንን አሸነፈ። ካፌልኒኮቭን አሸነፈ (እንደገና!)። በግማሽ ፍጻሜው ሌላው አሜሪካዊ ፒት ሳምፕራስ መጣ፤ የመጀመሪያውን ሴት አጥቶ ተመልሶ አሸነፈው። በማግስቱ በፍጻሜው ያው አጋሲ። 6-4፣ 6-4፣ 6-4። ሳምፕራስንና አጋሲን በሁለት ቀን፣ እነሱ በሚወዱት ሜዳ ላይ! ከ1992 እስከ 1999 ዓመቱን በአንደኝነት የጨረሱት ሁሉም አሜሪካውያን ነበሩ። ሰንሰለቱን የበጠሰው «ከአፈር ውጪ አይችልም» የሚባለው ሰው ነው። ያውም ቋንቋውን በሚናገር ሕዝብ ፊት፣ ፖርቱጋል ላይ።

«የመጀመሪያው ደቡብ አሜሪካዊ ቁጥር አንድ እሱ ነው»

አይደለም። የቺሊው ማርሴሎ ሪዮስ ይቀድመዋል፤ በማርች 1998 ማያሚ ላይ አጋሲን አሸንፎ ነው አንደኛ የሆነው። ሪዮስ በአንደኝነት የቆየው ስድስት ሳምንት ነው፣ ግራንድ ስላምም አላነሳም፤ ለዚህ ይሆናል የሚረሳው። የጉጋ «የመጀመሪያ» ሌላ ነው፦ ዓመቱን በአንደኝነት የጨረሰ የመጀመሪያው ደቡብ አሜሪካዊ ወንድ። በድምሩ 43 ሳምንት ላይ ተቀምጧል።

የብራዚል ቴኒስ በእሱ ተጀመረ የሚሉም አሉ። ማሪያ ኤስተር ቡዌኖን አያውቋትም ማለት ነው። በ1959 እና በ1966 መካከል ዊምብልደንን ሦስት ጊዜ፣ የአሜሪካን ሻምፒዮና (የዛሬውን ዩኤስ ኦፕን) አራት ጊዜ በነጠላ አሸንፋለች። የእሷ ሰባት ግራንድ ስላም ለጉጋ ሦስት። ሂሳቡ ይሄው ነው።

«ሁሉም የራኬቱ ክር ሥራ ነው»

በ1997 ጉጋ ይጠቀም የነበረው ሉክሲሎን የተባለውን የቤልጂየም ፖሊስተር ክር ነው። ያኔ ብዙዎቹ ትልልቅ ተጫዋቾች ከእንስሳ አንጀት የተሠራ ወይም ለስላሳ ክር ነበር የሚወጥሩት። ፖሊስተሩ ኳሷ ስትመታው ሸርተት ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ኳሷ በኃይል እየተሽከረከረች ሜዳው ውስጥ ትወድቃለች። ጠቅሞታል፣ አይካድም። ግን ክሩ ሱቅ ውስጥ ይሸጥ ነበር፤ ማንም ገዝቶ መወጠር ይችላል። ያ በአንድ እጅ የሚመታው ረጅም ባክሃንድ (የእጁን ጀርባ ወደ ፊት አድርጎ የሚመታው ምት) ግን አይሸጥም።

«ሕይወት የሳቀችለት ልጅ ነው፤ ገንዘብ ሲያገኝ ሰነፈ»

ይሄ ሁለት ስህተት አንድ ላይ ነው። ጉጋ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ የታዳጊዎች ቴኒስ ሲዳኝ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። ታናሽ ወንድሙ ሲወለድ አየር አጥሮት በደረሰበት ጉዳት ዕድሜ ልኩን ከከባድ የአካልና የአእምሮ ጉዳት ጋር ኖረ፤ በ2007 አረፈ። ጉጋ ዋንጫዎቹን የሚሰጠው ለዚህ ወንድሙ ነበር። በ2000 በራሱ በጉጋ ስም ያቋቋመው ድርጅትም አካል ጉዳተኞችን ይረዳል። ስለዚህ ያ ሳቅ ከምቾት የመጣ አልነበረም።

ስንፍናውስ? ዳሌው ነው። በፌብሩዋሪ 2002 ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በ2004 እንደገና። ጉልበቱን ከዳሌው አዙሮ ለሚመታ ተጫዋች ይሄ ማለት ሞተሩ ተነካ ማለት ነው። ሆኖም በዚያው 2004፣ በሁለቱ ቀዶ ሕክምናዎች መካከል፣ በተጎዳ ዳሌ፣ ሮላን ጋሮስ ላይ ሮጀር ፌደረርን ገጠመ። ፌደረር ያኔ የዓለም ቁጥር አንድ ነው፤ በዚያ ዓመት ሌሎቹን ሦስት ግራንድ ስላሞች በሙሉ ወስዷል። ጉጋ 6-4፣ 6-4፣ 6-4 አሸነፈው። ሰነፍ የተባለው ይሄ ሰው ነው!

ከዚያ በኋላ ሰውነቱ እምቢ አለ። በሜይ 2008፣ በ31 ዓመቱ፣ ለስንብት ፓሪስ ተመለሰ። የ1997ቱን ሰማያዊና ቢጫ ልብስ ለብሶ ገባ። በመጀመሪያው ዙር በፈረንሳዊው ፖል ኦንሪ ማቲዩ በሦስት ሴት ተሸነፈ፤ ሕዝቡ ግን የራሱን አገር ልጅ ትቶ ለእሱ ነበር የሚያጨበጭበው። ሲያለቅስ አዘጋጆቹ አንድ ስጦታ ይዘው ወጡ። በመስታወት የተሸፈነ፣ ከሜዳው ላይ ተቆርጦ የወጣ ቁራጭ ነው፤ ከታች ያለው ድንጋይ፣ ከላይ ደግሞ ስስ የሆነው ቀይ አፈር፣ ንብርብሩ ሁሉ ይታያል።