የማጥመጃ ዘንግ ቀለበት ሲጎዳ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክር ሲበጠስ መጀመሪያ የሚወቀሰው ክሩ ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። በአንድ ሰሞን ብቻ ሦስት ጊዜ ተበጠሰብኝ። አዲስ ክር ገዛሁ፤ እሱም ተበጠሰ። ቋጠሮው ላይ ቢሆን አይገርመኝም ነበር። የሚበጠሰው ግን ከቋጠሮው ብዙ ራቅ ብሎ ነው። የተበጠሰውን ጫፍ በሁለት ጣቶቼ መሃል ሳሳልፈው ሻከረኝ፤ በቢላ እንደተፋቀ ሁሉ ጸጉር አውጥቷል። ጥፋቱ የክሩ አልነበረም፤ ክሩ የሚያልፍበት ቀለበት ተሰንጥቆ ነበር።

ቀለበት የምለው በዘንጉ ላይ ተደርድረው ክሩን ከማጠንጠኛው እስከ ጫፍ የሚመሩትን ነው። አብዛኞቹ ሁለት ክፍል አላቸው። ከውጭ እግር ያለው የብረት አቃፊ አለ፤ ከውስጥ ደግሞ ክሩ የሚነካው ለስላሳ ሴራሚክ። ስለነሱ ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ ሐሳቦች አንድ በአንድ ልያቸው።

«አይቼዋለሁ፣ ምንም አልሆነም»

ዓይን እዚህ ላይ አይታመንም። የሴራሚክ ስንጥቅ ከጸጉር ሊቀጥን ይችላል። እርጥብ ሲሆን ደግሞ ጨርሶ አይታይም። ትንሽ ጥጥ አድርቃችሁ ያዙና በቀለበቱ ውስጥ ዙሪያውን በቀስታ አሹት። ስንጥቅ ካለ የጥጡን ጭረት ይዞ ያስቀራል። አሮጌ የሴት ስቶኪንግም ይሠራል፤ እንዲያውም ከጥጥ ይልቅ ቶሎ ይያዛል። ሁሉንም ቀለበቶች ፈትሹ። የጫፉን ግን ሁለቴ ፈትሹት፤ ክሩ በኃይል የሚታጠፍበትም፣ ቶሎ ከግድግዳና ከመኪና በር ጋር የሚጋጨውም እሱ ነው።

«የተጎነጎነ ክር ጠንካራ ስለሆነ ስንጥቅ አይጎዳውም»

የተጎነጎነ ክር ሲጎተት ጠንካራ ነው፣ እውነት ነው። ግን የተሠራው ከብዙ ቀጫጭን ጭረቶች ነው። ስለታም ጠርዝ ሲያገኝ አንድ በአንድ ይበጣጠሳሉ። ዓሣ ይዞ ሲወጠር ደግሞ የቀሩት ጭረቶች ጫናውን አይችሉትም።

«በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አስተካክለዋለሁ»

ይህን ብዙ ሰው ይሞክራል፤ እባካችሁ ተዉት። ለቀለበት የሚውሉት ሴራሚኮች አሉሚኒየም ኦክሳይድና ሲሊከን ካርባይድ የመሳሰሉት ናቸው። የብርጭቆ ወረቀቱ ላይ ያለው ሻካራ ዱቄትም አብዛኛውን ጊዜ ከነዚሁ የተሠራ ነው። ስንጥቁ አይጠፋም፤ ይልቅ ደህና የነበረው ገጽ ይሻክራል።

«የወለቀውን ሴራሚክ በሱፐር ግሉ መለጠፍ በቂ ነው»

የዕለቱን ማጥመድ ለመጨረስ ይሆናል። ከዚያ በላይ አትመኑት። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ተሰባሪ ነው፣ ውሃና ምት ሲደጋገምበት ይለቃል። ሴራሚኩ በውርወራ መሃል ቢወልቅ ክሩ በባዶው የብረት ጠርዝ ላይ ይሮጣል። ይህ ደግሞ ከስንጥቁም የባሰ ነው።

«አንድ ቀለበት ቢጎድል ለውጥ የለውም»

ለውጥ አለው። ዘንግ ሲታጠፍ ጫናውን ለሁሉም ክፍሉ የሚያከፋፍሉት ቀለበቶቹ ናቸው። አንዱ ሲጎድል ጫናው ጎንና ጎን ባሉት ላይ ይከማቻል። ክሩም የዘንጉን መታጠፍ ትቶ በአቋራጭ ይሄዳል። ቀለበቶቹ ከላይ በሆኑበት ዘንግ ላይ ክሩ ዘንጉን ራሱን ሊፈገፍግም ይችላል። እግሩ ደህና ሆኖ ማሰሪያው ብቻ ከተፈታ ግን ወደ ቤት እስክትመለሱ በናስትሮ ጠበቅ አድርጎ መጠቅለል ይበቃል።

«የጫፉ ቀለበት ከተሰበረ ዘንጉ አለቀለት»

በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ደህና ዘንግ በዚህ ምክንያት ይጣላል። የጫፉ ቀለበት ከሁሉም ለመቀየር የሚቀለው ነው። እንደሌሎቹ በክር አልታሰረም፤ ትንሽ ቱቦው በሙጫ ዘንጉ ጫፍ ላይ ተሰክቷል። የብረት ቱቦውን ብቻ በላይተር ለጥቂት ሰከንድ አሙቁት። እሳቱ ዘንጉን አይንካ፤ ዘንጉ የተሠራባቸውን የካርቦን ጭረቶች የያዘው ሙጫ በሙቀት ይበላሻል። ከዚያ በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። አትጠምዝዙት፤ ጭረቶቹ በአብዛኛው በቁመት የተዘረጉ ስለሆኑ ጠምዛዛ እጅ ዘንጉን ይሰነጥቀዋል። አዲሱን ለመትከል በሙቀት የሚቀልጥ የሙጫ ዘንግ ተጠቀሙ። ሙጫው ሳይደርቅ ከዘንጉ ኋላ ሆናችሁ በአንድ ዓይን ተመልከቱና ከሌሎቹ ቀለበቶች ጋር አሰልፉት። ሱፐር ግሉ እዚህም አይመከርም፤ ነገ መንቀል ብትፈልጉ ይከብዳችኋል። ጥቂት ሴንቲሜትር ተሰብሮ ከሆነም ሰፋ ያለ ቱቦ ያለው ቀለበት ይገባል። የዘንጉ ጫፍ ትንሽ ግትር ይሆናል እንጂ ይሠራል።

«የመሃሉን ቀለበት የሚቀይረው ባለሙያ ብቻ ነው»

ትዕግሥት ያለው ሰው ይቀይረዋል። ዋናው አደጋ ያለው አሮጌውን ሲያነሱ ነው። ማሰሪያውን ክር ስትቆርጡ ምላጩን በብረት እግሩ ጀርባ ላይ ብቻ አስሂዱት፤ ብረቱ በምላጩና በዘንጉ መሃል ጋሻ ይሆናል። ምላጩ ካርቦኑን ከጫረው፣ ዘንጉ ሲወጠር የሚሰበረው እዚያ ቦታ ላይ ነው። አዲሱን በብረት አቃፊው ስፋትና ቁመት ከአሮጌው ጋር አመሳስሉ። የእግሩን ጫፍ በሞረድ አሳሱት፣ ማሰሪያው ክር ያለ ክፍተት እንዲወጣበት። ጠበቅ አድርጋችሁ ከጠመጠማችሁ በኋላ ሁለቱ ፈሳሾች የሚደባለቁበትን ኢፖክሲ ቀቡት። እስኪጠነክር ዘንጉን በቀስታ አዙሩት፤ አለዚያ ወደ ታች ወርዶ ይንጠባጠባል። አብዛኛው ኢፖክሲ 24 ሰዓት ያህል ይፈልጋል።

«መንጠቆን ቀለበቱ ላይ መስቀል ምንም አያደርግም»

ብዙ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ዘንጉ በመንገድ ሲንገጫገጭ የመንጠቆው ብረት ሴራሚኩን ሲመታው ይውላል። ከመያዣው በላይ ትንሽ ማንጠልጠያ ካለ እዚያ ስቀሉት፤ ከሌለም የቀለበቱ እግር ላይ እንጂ ክቡ ውስጥ አታስገቡት። ክር ስትጠቀልሉም ክሩን የሚያሰምጠው እርሳስ ወይም የብረት ማያያዣው የጫፉን ቀለበት ከመምታቱ በፊት፣ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው አቁሙ።