ፓርቲሽን ከሻርዲንግ በምን ይለያል?

ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ውስጥ ያለ ሰንጠረዥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ረድፎች ይዞ የሪፖርት ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ የዳታ ጥያቄ) መንቀራፈፍ ሲጀምር፣ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር "ፓርቲሽን አድርገው" ነው። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ግን ብዙዎች ፓርቲሽን ሥራውን ለብዙ ሰርቨሮች የሚያከፋፍል ይመስላቸዋል። አያከፋፍልም።

ፓርቲሽን ትልቁን ሰንጠረዥ እዚያው በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ ይከፋፍለዋል። በ2017 በወጣው ስሪት 10 ፓርቲሽንን በቀጥታ ማወጅ ተችሏል። ፍጥነት የሚገኘው ከመዝለል ነው፦ ሽያጭን በወር ብትከፍሉና ኩዌሪው የአንድ ወር ብቻ ቢሆን፣ የሌሎቹ ወራት ክፍሎች ጨርሶ አይነበቡም። ይህ የሚሆነው ግን ማጣሪያው የተከፈለበትን ዓምድ በቀጥታ ሲጠቅስ ነው። በደንበኛ ቁጥር ብቻ ካጣራችሁ ሁሉም ክፍል ይታያል። ቀኑን በፋንክሽን ውስጥ አስገብታችሁ ወሩን ነጥላችሁ ብታወዳድሩም እንደዚያው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ኩዌሪው እንዴት እንደሚሠራ በሚያሳየው በኤክስፕሌይን ትእዛዝ አረጋግጡ። "ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን" ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ረድፎቹን በተለያዩ ሰርቨሮች ላይ የሚያስቀምጠው ሻርዲንግ ነው፤ ለፖስትግሬስ ሳይተስ የሚባለው ኤክስቴንሽን ይህን ይሠራል። እዚያ ከባዱ ውሳኔ የማከፋፈያ ዓምዱን መምረጥ ነው። ሁለት ትልልቅ ሰንጠረዦች በአንድ ዓይነት ዓምድ ተከፋፍለው በዚያው ከተጣመሩ ሥራው እያንዳንዱ ሰርቨር ላይ ያልቃል፤ አለዚያ ዳታው በኔትወርክ ይመላለሳል።

ወደ ሻርዲንግ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ኩዌሪ ስንት ፓራለል ወርከር (ሥራውን ተካፍለው በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ረዳት ሂደቶች) እንዲጠቀም እንደተፈቀደለት እዩ። ነባሪው 2 ብቻ ነው፤ ብዙ ኮር ላለው ማሽን በጣም ያንሳል።